የሱዳን ነዳጅ፣ የካርቱም በጀትና የእኛ ኪስ

ካርቱም የኖረ ሐበሻ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ያውቃል። «ደመወዜ አልተቀነሰብኝም፣ እንዲያውም ተጨምሮልኛል፤ ታዲያ ለአገር ቤት የምልከው ለምን እያነሰ መጣ?» በዴም ቡና አፍልታ የምትሸጥ እህት ጠይቃዋለች። በጅሬፍ ረክሻ የሚነዳ ወንድም ጠይቆታል። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የወሩን ይዛ ሐዋላ ቤት ስትደርስ ጠይቃዋለች። የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ዶላር ጨመረ።»

መልሱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ዶላር ለምን ጨመረ? ቤንዚን ከራሱ መሬት የሚያወጣ አገር እንዴት ለቤንዚን ሰልፍ ይቆማል? በዛሬው ገጻችን ይህንን ጥያቄ ከሥሩ ለማየት እንሞክራለን። ነገሩ የሚጀምረው ከገበያ ሳይሆን ከመንግሥት ካዝና ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድን ደመወዝ እናስላው

ነገሩ እንዲገባን በምሳሌ እንጀምር። አንዲት እህታችን በ2007 በወር 200 ፓውንድ ታገኝ ነበር እንበል። ያ ዓመት ሱዳን የድሮውን ዲናር አውጥታ አዲሱን ፓውንድ ያስገባችበት ነው። መቶ ዲናር አንድ ፓውንድ ሆነ። ሕዝቡ ግን ዲናር ከመምጣቱ በፊት በነበረው አሮጌ ፓውንድ መቁጠሩን ስላልተወ፣ ሁለት ፓውንዱን «ሁለት ሺህ» ይላል። አዲስ የመጣ ሐበሻ ሁሉ በዚህ ተደናግጧል። የሆነው ሆኖ ያኔ አንድ ዶላር በሁለት ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ የእህታችን 200 ፓውንድ 100 ዶላር ነው።

አሁን በመንግሥት የባንክ ዋጋ ብቻ እንከተለው። የጎዳናውን ዋጋ ለጊዜው እንተወው፤ እሱ ከዚህ የባሰ ነውና። በ2012 አጋማሽ ዶላር 4.4 ፓውንድ ገባ፤ 200 ፓውንድ ወደ 45 ዶላር ወረደ። በ2013 መጨረሻ 5.7 ሆነ፤ 35 ዶላር ቀረ። በ2018 ኦክቶበር 47.5 ሆነ፤ አራት ዶላር ከትንሽ ቀረ። በ2021 ፌብሩዋሪ መንግሥት የባንኩን ዋጋ ከጎዳናው ጋር ለማስተካከል ብሎ ከ55 ወደ 375 አወጣው። ያቺ 200 ፓውንድ ሃምሳ ሳንቲም ሆነች ማለት ነው። እህታችን የ2007ቱን መቶ ዶላሯን ለማግኘት በ2021 በወር 37,500 ፓውንድ ሊከፈላት ያስፈልግ ነበር። ማን ከፈላት?

እንግዲህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከእጇ የተወሰደባትን ገንዘብ የወሰደው ሌባ ማን ነው? አሠሪዋ አይደለም። ባለሱቁም አይደለም። ወደ ኋላ ሄደን እንፈልገው።

ነዳጁ ሲመጣ

በሱዳን ነዳጅ መኖሩ የታወቀው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ቼቭሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቤንቲዩና በሄግሊግ አካባቢ አገኘው። ይሁን እንጂ በ1983 የደቡቡ ጦርነት እንደገና ተነሣ፤ በ1984 የኩባንያው ሠራተኞች ሲገደሉ ቼቭሮን ሥራውን አቆመ፤ በኋላም ሸጦ ወጣ። አሜሪካ በ1997 ማዕቀብ ስትጥል በሩ ለእስያ ኩባንያዎች ተከፈተ። የቻይናው ብሔራዊ ነዳጅ ኩባንያ 40 በመቶ፣ የማሌዥያው ፔትሮናስ 30 በመቶ፣ የካናዳው ታሊስማን 25 በመቶ፣ የሱዳኑ ሱዳፔት 5 በመቶ ይዘው ከሄግሊግ እስከ ፖርት ሱዳን 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ዘረጉ። በ1999 ኦገስት መጨረሻ የመጀመሪያው መርከብ ነዳጅ ጭኖ ሄደ። በ2000 ከካርቱም በስተሰሜን አል ጀይሊ ላይ ማጣሪያው ሥራ ጀመረ። ታሊስማን በሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ጩኸት ተጨንቆ በ2003 ድርሻውን ለሕንድ ኩባንያ ለቀቀ።

በዚያው ዓመት የእኛም አገር ከዚህ ነዳጅ ቀመሰች። በ2003 የኢትዮጵያ ቦቴዎች በመተማ በኩል እየገቡ የሱዳን ቤንዚን መጫን ጀመሩ። ጎንደር ያደገ ሰው በመተማ መንገድ የሚግተለተሉትን ቦቴዎች ያስታውሳል።

ነዳጁ ሲወጣ በርሜሉ 20 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ዋጋው ሽቅብ ወጣ። በ2008 ጁላይ 147 ዶላር ደረሰ። የሱዳን ምርትም በቀን ወደ ግማሽ ሚሊዮን በርሜል ተጠጋ። አገሪቱ ለውጭ ከምትሸጠው ከመቶ ዘጠና ያህሉ፣ መንግሥት ከሚሰበስበው ገቢ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆነው ነዳጅ ሆነ። ካርቱም ተለወጠች። ድልድዮች ተሠሩ፣ በአባይ ዳር ባለመስታወት ፎቆች ቆሙ፣ 1,250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመረዌ ግድብ በ2009 ተመረቀ። ለእኛም ሥራ በዛ። ግንባታው፣ ምግብ ቤቱ፣ የሀብታሙ ቤት ሁሉ ሰው ፈለገ። ያን ጊዜ በመተማ የሚገባው ሐበሻ መብዛቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የዮሴፍ ጎተራ

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ነዳጅ የሚሸጥ አገር ገንዘቡን እንዴት ነው ማስተዳደር ያለበት?

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በብዙ ገጽ የጻፉትን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከልጅነቱ ያውቀዋል። ፈርዖን ሰባት የሰቡ ላሞችና ሰባት የከሱ ላሞች በሕልሙ አየ። ዮሴፍ ሕልሙን ፈታለት፤ በጥጋቡ ዘመን እህል ሰብስቦ በጎተራ አስቀመጠ፤ ረሃቡ ሲመጣ ጎተራውን ከፈተ። ጠቅላላ ምሥጢሩ ይኸው ነው። የነዳጅ ዋጋ በማንም እጅ አይደለም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። የመንግሥት ወጪ ግን ከዋጋው ጋር አብሮ መዝለል የለበትም። ዋጋ ሲወጣ ትርፉን ማስቀመጥ፣ ሲወርድ ከተቀመጠው እየቆነጠሩ መኖር ነው። ያን ጊዜ የአስተማሪው ደመወዝ፣ የሐኪም ቤቱ መድኃኒት፣ የገንዘቡ ዋጋ ሳይናጋ ይቆያል።

በተቃራኒው ዋጋ ሲወጣ ወጪውን አብሮ የሚያወጣ፣ ሲወርድ አብሮ የሚቆርጥ መንግሥት ችግሩን ሁለት እጥፍ ያደርገዋል። በጥጋቡ ጊዜ ገበያውን ያሞቀዋል፤ ሕዝቡ ገንዘብ በያዘበት ሰዓት እሱም ገንዘብ ይረጫል። በክፉ ቀን ደግሞ ሕዝቡ ሲደኸይ እሱም ድጎማውን ያነሣል፣ ግብሩን ይጨምራል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚያጠጣ፣ ድርቅ ሲሆን ቦዩን የሚዘጋ ገበሬ ማለት ነው።

ሱዳን ይህን አታውቅም ነበር እንዳንል ታውቃለች። በወረቀት ላይ ጽፋዋለች። በ2005 ጃንዋሪ በካርቱምና በደቡቡ ንቅናቄ መካከል የተፈረመው የሰላም ስምምነት የሀብት ክፍፍል ምዕራፍ አለው። በዚያ ምዕራፍ በየዓመቱ በበጀቱ አንድ የነዳጅ መነሻ ዋጋ ይወሰናል፤ ከዚያ በላይ የተሸጠው ትርፍ የነዳጅ ገቢ ማረጋጊያ ሒሳብ ውስጥ ይገባል ይላል። ይህ የዮሴፍ ጎተራ ነው። ሁለተኛም ነበረው። ለመጪው ትውልድ የሚሆን ፈንድ ይቋቋማል ይላል። መቼ? የአገሪቱ ምርት በቀን ሁለት ሚሊዮን በርሜል ሲደርስ! ምርቱ ከግማሽ ሚሊዮን አልፎ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጎተራስ? ገንዘብ ገብቶበታል። ግን ጎተራው በር እንጂ ቁልፍ አልነበረውም። የመነሻ ዋጋውን የሚወስነው ያው ገንዘቡን የሚያወጣው መንግሥት ነው። በበጀት ዓመቱ መሐል ወጪ ሲበዛ እጅ መክተት ቀላል ነበር። በ2008 ሁለተኛ አጋማሽ የዓለም ገንዘብ ቀውስ መጥቶ ከ147 ዶላር የነበረው ዋጋ በዲሴምበር ወደ 30ዎቹ ሲወርድ፣ ጎተራው ለብዙ ጊዜ የሚያዘልቅ አልነበረም።

ለምን አልተቀመጠም?

አንዳንድ ወንድሞች «በሉት» ብለው ይጨርሱታል። መብላትማ ተበልቷል። ግን ሌብነት ብቻውን ነገሩን አይገልጸውም። አራት ምክንያት እናያለን።

አንደኛው ጦርነት ነው። ደቡቡ ሳያበቃ በ2003 ዳርፉር ተነሣ። ለጦር ሠራዊትና ለጸጥታ የሚወጣው ገንዘብ ዋጋ ሲወርድ አይወርድም።

ሁለተኛው ክፍፍሉ ራሱ ነው። በስምምነቱ መሠረት ከደቡብ ከሚወጣው ነዳጅ ሁለት በመቶው ለአምራቹ ክልል ይሰጣል፤ የቀረው እኩል ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ካርቱም፣ ግማሹ ወደ ጁባ ይሄዳል። ሁለቱም ወገኖች ነገ አብረው ይኖሩ እንደሆነ አያውቁም፤ በ2011 ሕዝበ ውሳኔ አለና። ነገ የማን እንደሚሆን ላልታወቀ ጎተራ ማን እህል ያስገባል? እያንዳንዱ የደረሰውን ወዲያው አወጣ። በዚያ ላይ ሒሳቡም አስተማማኝ አልነበረም። በ2009 ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት መንግሥት ያወጣው የምርት መጠን የቻይናው ኩባንያ ካወጣው ጋር እንደማይገጥም በጽሑፍ አሳይቷል።

ሦስተኛው ዕዳ ነው። ሱዳን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያልከፈለችው የውጭ ዕዳ ወለድ እየወለደ በአሥር ቢሊዮኖች ዶላር ተቆልሏል። በዚያ ላይ ማዕቀብ አለ። ሌላ ነዳጅ ሻጭ አገር ክፉ ቀን ሲመጣበት ከውጭ ተበድሮ ይሻገራል። ሱዳን በርካሽ የሚያበድራት አልነበረም። ይህቺን ነጥብ ልብ በሉ፤ ኋላ ትመለሳለች።

አራተኛው እርሻው ነው። ነዳጅ ዶላር ሲያመጣ ፓውንዱ ጠነከረ፤ ሁሉም ነገር ከውጭ መግዛት ረከሰ። ስንዴው፣ ዘይቱ፣ ልብሱ ከውጭ ገባ። የገዚራ ጥጥ፣ የገዳሪፍ ሰሊጥ፣ የኮርዶፋን ሙጫ ችላ ተባሉ። አገሪቱ በአንድ እግር ቆመች። ያ እግር ደግሞ ከሦስት እጅ ሁለቱ በላይ በደቡብ መሬት ላይ ነበር።

እግሩ ሲቆረጥ

በ2011 ጁላይ 9 ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ሆነች። ከነዳጁ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል አብሮ ሄደ። ቧንቧው፣ ማጣሪያውና ወደቡ ግን በሰሜን ቀሩ። ነዳጅ ያለው ባሕር የለውም፤ ባሕር ያለው ነዳጅ የለውም።

በማለፊያ ክፍያው ሳይስማሙ ቀሩ። ካርቱም በበርሜል ከ30 ዶላር በላይ ጠየቀች፤ ጁባ ከአንድ ዶላር በታች አቀረበች። በ2012 ጃንዋሪ ጁባ «ነዳጄ እየተሰረቀ ነው» ብላ ምርቷን ሙሉ በሙሉ ዘጋች። ለሁለቱም ያው ነዳጅ ዋና ገቢ ነበር፤ ማለትም የራሷንም ጉሮሮ ዘጋች። በኤፕሪል በሄግሊግ ተዋጉ። በሴፕቴምበር መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በታቦ ምቤኪ አደራዳሪነት ተስማሙ። ከማለፊያ ክፍያው ሌላ ጁባ ለካርቱም ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ በየበርሜሉ 15 ዶላር እያደረገች ልትከፍል ቃል ገባች። ነዳጁ እንደገና የፈሰሰው በ2013 ነው።

የካርቱም መንግሥት እስከዚያ ምን አደረገ? ጎተራው ባዶ ነው። አበዳሪ የለም። ሁለት መንገድ ብቻ ቀረው። አንዱ ድጎማ ማንሣት ነው። በ2012 ጁን የነዳጅ ዋጋ ጨመረ። በ2013 ሴፕቴምበር እንደገና ሲጨምር አንድ ጋሎን ቤንዚን ከ12.5 ወደ 21 ፓውንድ ገደማ ገባ። ካርቱምና ኡምዱርማን ተነሡ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በጥቂት ቀን ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ሰው በጥይት መሞቱን ተናገሩ፤ መንግሥት ቁጥሩ ከዚያ ያንሳል አለ።

ድጎማ ማንሣቱ በራሱ ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም። ርካሽ ቤንዚን ይበልጥ የሚጠቅመው ሦስት መኪና ያለውን ነው እንጂ በሐፍላ ቆሞ የሚሄደውን አይደለም። ስሕተቱ ጊዜው ነው። በጥጋቡ ዓመት ቀስ እያሉ ሊያነሡት ይችሉ የነበረውን፣ ሕዝቡ እግሩ በተቆረጠበት ቀን አነሡበት። በነገራችን ላይ የእኛም አገር የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ ነበራት፤ ነዳጅ ገዢም ብትሆን በሽታው ያው ነው። ፈንዱ ዕዳ ውስጥ ገብቶ በ2008 ኦክቶበር የነዳጅ ድጎማ ተነሣ፤ በ2022 ጁላይ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የማንሣቱ ሥራ እንደገና ተጀመረ።

ማተሚያው ሲሠራ

ሁለተኛው መንገድ ገንዘብ ማተም ነው። አሁን ሌባውን ያገኘነው ይመስለናል።

መንግሥት ገቢው ሲጎድል ከማዕከላዊ ባንኩ ይበደራል፤ ባንኩ ያትማል። ከደቡቡ መገንጠል በኋላ የነዳጁን ቦታ ወርቅ ያዘ። በሰሜንም በምሥራቅም በዳርፉርም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አካፋ ይዞ ወጣ። ማዕከላዊ ባንኩ ወርቁን ከቆፋሪው በፓውንድ ይገዛ፣ ወደ ውጭ በዶላር ይሸጥ ነበር፤ አብዛኛው ወደ ዱባይ ነበር የሚሄደው። ለቆፋሪው የሚከፍለውን ፓውንድ ከየት ያመጣል? ያትማል። በገበያው የፓውንዱ ብዛት ሲጨምር ዳቦው፣ ስኳሩና ዶላሩ ያው ናቸው። ብዙ ወረቀት ጥቂት ዕቃ ሲያሳድድ ዋጋ ይወጣል።

የእህታችንን 200 ፓውንድ የበላው ይህ ነው። ኪሷ ማንም እጁን አልከተተም። ወረቀቱ እጇ ላይ እያለ ዋጋው ሌላ ሰው ጋ ሄደ። ይህን ያለ አዋጅ የሚሰበሰብ ግብር ልንለው እንችላለን። ይህን ግብር አብዝቶ የሚከፍለው ደግሞ ገንዘቡን በጥሬው የሚይዝ ድሃ ነው። ሀብታሙ ቤት ይገዛል፣ መኪና ይገዛል፣ ዶላር ይገዛል። የቀን ሠራተኛው ፓውንዱን ፍራሽ ሥር ያስቀምጣል።

በ2018 መጨረሻ ነገሩ ተገለበጠ። ባንኮች ጥሬ ገንዘብ አጡ፤ ሰው የራሱን ገንዘብ ለማውጣት በማሽን ፊት ሰዓታት ተሰለፈ። ዲሴምበር 19 በባቡር ሠራተኞቿ በምትታወቀው አትባራ የዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሲወጣ ሕዝቡ ወጣ። በ2019 ኤፕሪል 11 ኦማር አል በሽር ከሥልጣን ወረዱ። በነዳጅ የወፈረ መንግሥት በዳቦ ወደቀ።

የሽግግሩ መንግሥት ባዶ ካዝና ወረሰ። ፓውንዱን ወደ 375 ለቀቀ፤ በ2021 ጁን የቤንዚንና የናፍጣ ድጎማ አነሣ፤ በምላሹ የውጭ ዕዳው የሚሰረዝበት መንገድ ተከፈተለት። በጁላይ የዋጋ ንረቱ ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ መርጋት ሲጀምር በኦክቶበር 25 መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፤ ረጂዎቹም እጃቸውን ሰበሰቡ። በ2023 ኤፕሪል 15 ጦርነቱ ተጀመረ። የአል ጀይሊ ማጣሪያ የጦር ሜዳ ሆኖ ተቃጠለ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በ2025 ጃንዋሪ ነው። ዶላሩ በጎዳና በ2024 ከ2,000 ፓውንድ በላይ አለፈ። ካርቱምን ያስለቀቀን ጥይት ነው፤ እውነት ነው። ግን ብዙዎቻችን ጥይቱ ሲመጣ የመኪና ኪራይ የሌለን ያደረገን ከጥይቱ በፊት ያለቀው ገንዘባችን ነበር። ዶላርና ወርቅ የነበረው ቀድሞ ወጣ። ፓውንድ የነበረው በእግሩ ወጣ።

የጁባ መስታወት

ወደ ደቡብ ደግሞ እንመልከት። ጁባ ላይ የሆነው የካርቱም ታሪክ ነው፤ ግን ይበልጥ የጠነከረ። ከመንግሥቱ ገቢ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ነዳጅ ነው። በ2012 ከካርቱም ጋር የተስማማችው ክፍያ በቁርጥ ዋጋ ነበር። ያኔ በርሜሉ ከ100 ዶላር በላይ ስለነበር ችግር አልነበረም። በ2014 አጋማሽ ዋጋው መውረድ ጀመረ፤ በ2016 ጃንዋሪ ከ30 ዶላር በታች ገባ። ከወፍራሙና አሲድ ከሚበዛበት ዳር ብሌንድ የሚገኘው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ማለፊያውና ካሣው ተደምሮ በበርሜል ከ24 ዶላር በላይ ነው። እንግዲህ አስሉት፤ የሚሸጡትን ያህል ሊከፍሉ ነው። ካርቱም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ክፍያው ከዋጋው ጋር እንዲወጣና እንዲወርድ ተስማማች። ለራሷም ቢሆን ምርቱ ከሚዘጋ ቀንሳ ማግኘት ይሻላታል።

በ2024 ፌብሩዋሪ ደግሞ የዳር ብሌንድ ቧንቧ በጦርነቱ ቀጠና ውስጥ ተሰበረ። እስከ 2025 ጃንዋሪ ድረስ በዚያ መስመር ነዳጅ አላለፈም። የጁባ አስተማሪና ወታደር ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ቆየ። ከሱዳን ሸሽተው በሬንክ በኩል የገቡት ስደተኞች፣ ከእነሱም መካከል ወገኖቻችን፣ የደረሱት ይኸው ባዶ ካዝና ባለበት አገር ነው። አንድ ቧንቧ ሲሰበር በሁለት አገር እራት ጠፋ።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

ኖርዌይ በ1990 የነዳጅ ፈንድ ሕግ አወጣች። በ2001 መንግሥት በዓመት ከፈንዱ አራት በመቶ ያህሉን ብቻ እንዲጠቀም ደንብ አበጀች፤ በ2017 ወደ ሦስት ዝቅ አደረገችው። ዛሬ በዓለም ትልቁ የመንግሥት ቁጠባ የእሷ ነው። «ኖርዌይማ ቀድሞም ሀብታም ናት» የሚል ካለ፣ ቦትስዋና አለች። አልማዝ አግኝታ በ1994 ፑላ ፈንድን አቋቁማ ለክፉ ቀን ያስቀመጠች አፍሪካዊት አገር ናት።

የሱዳን ጎረቤት ቻድ ግን ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። የዓለም ባንክ ለቧንቧው ብድር ለመስጠት በ1999 ለመጪው ትውልድ የሚቀመጥ ድርሻ በሕግ አስጻፈ። ገንዘቡ መግባት ሲጀምርና ዓማፂያን ሲያይሉ ግን መንግሥት ሕጉን ለወጠ፤ የመጪው ትውልድ ፈንድ ተሰረዘ፤ በ2008 ባንኩ ወጣ። ሕግ ብቻውን ጎተራ አይጠብቅም። ጎተራውን የሚጠብቀው «ስንት ገባ? ስንት ወጣ?» ብሎ ያለ ፍርሃት የሚጠይቅ ሕዝብና የሚጽፍ ጋዜጣ ነው።

ይህ ለአገራችንም ይሠራል። በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ በ2025 ኦክቶበር የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቋል። የጎተራው ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን የሚወሰነው ገንዘቡ ከመብዛቱ በፊት እንጂ ከበዛ በኋላ አይደለም።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

እኛ በጀት አናወጣም፤ ድምፅ አንሰጥም። ግን ሦስት ነገር ይዘን መሄድ እንችላለን።

አንደኛ፣ ምልክቱን እንወቅ። የነዳጅ ሰልፍ ሲረዝም፣ የባንኩና የጎዳናው ዶላር ሲራራቅ፣ ስለ ድጎማ ማንሣት በራዲዮ መነገር ሲጀምር ካዝናው ባዶ ነው ማለት ነው፤ ማተሚያው ሊሠራ ነው። በ2012ም፣ በ2018ም የሆነው በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር።

ሁለተኛ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ አናቆይ። በጎዳና ዶላር መመንዘር በሕግ ስለሚያስጠይቅ ያንን አንመክርም። ግን ደመወዝ በተቀበሉበት ቀን የወሩን ዱቄትና ዘይት መግዛት፣ ለአገር ቤት የሚላከውን ሳያሳድሩ መላክ ወንጀል አይደለም። ዕቁብ የምንጥልም ብንሆን እናስብበት። ዋጋ በሚንርበት አገር መጀመሪያ የወጣለት ያተርፋል፣ መጨረሻ የወጣለት ባዶ ወረቀት ይቀበላል። ዕጣው በየሳምንቱ ቢሆንና ዙሩ ቢያጥር ፍትሐዊ ይሆናል። አብሮን ለሚጥል ሰው ይህን አለመንገር አለማወቅ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛ፣ ጣታችንን የት እንደምንቀስር እንወቅ። ኑሮ ሲወደድ ባለአገሩ ስደተኛውን ያያል፤ ስደተኛው ባለሱቁን ያያል፤ ባለሱቁ ጅምላ ሻጩን ያያል። ሁሉም የተዘረፈ ሆኖ ሳለ እርስ በርሱ ይተያያል። ጎተራው የባዶነው ግን ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሁሉም ነገር ሞልቶ በነበረበት ጊዜ፣ ማንም ባልጠየቀበት ቀን ነው።

ነገ ካርቱም ትረጋጋ ይሆናል፤ ነዳጁም ወርቁም እንደገና ይፈስ ይሆናል፤ ከእኛም የሚመለስ ይኖራል። ያን ጊዜ ደመወዝ ሲጨምርልን ደስ ይለናል፤ ይገባናልም። ደስታው መሐል ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። ጎተራው ውስጥ ስንት ገባ?